ከእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እስከ ማኅበራችን የገንዘብ መዝገብ



ባለፈው የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ሒሳባችንን ለኦዲት ስናዘጋጅ፣ ከቢሮአችን አሮጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ መዝገብ አገኘን። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ውስጡ ግን ደህና ነው። ማኅበራችን በተቋቋመበት ዓመት የተጻፈ የመጀመሪያው የገንዘብ መዝገብ ነው። በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች፣ በስተግራ ገቢ፣ በስተቀኝ ወጪ፣ ከየገጹ ግርጌ ደግሞ «ወደሚቀጥለው ገጽ የዞረ» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። እኛ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዘን በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት የቆየን ሰዎች ነንና ልማድ ሆኖብን ድምሩን በማሽን አንድ በአንድ ደገምነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የአንድ ሳንቲም ስሕተት አላገኘንበትም።

ማን ጻፈው ብለን ስንጠይቅ፣ ሁላችንም «እማማ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው አንጋፋ አባላችን መሆናቸው ታወቀ። ቤታቸው ሄደን «እማማ፣ ሒሳብ የት ተማሩ?» ብንላቸው ሳቅ ብለው «ሒሳብ ብለን አልተማርንም፤ የቤት አያያዝ ብለን ነው የተማርን። እቴጌ መነን» አሉን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች መልስ ተነሣ። አንድ ትምህርት ቤት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሱት ከውስጡ የወጡ ታላላቅ ሰዎች ናቸው። እኛም እንጠራቸዋለን። ነገር ግን ስማቸው በየትም ስለማይገኝ ተማሪዎችም ለመናገር እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ሴት ልጅ ያልተቀመጠችባቸው ወንበሮች

በአገራችን ትምህርት ለዘመናት የቤተ ክህነት ሥራ ነበር። ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት፣ ከዚያ ዜማው፣ ቅኔውና ትርጓሜው። ከዚህ ማዕድ የተካፈሉ ሴቶች አልጠፉም፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ነበሩ። መንገዱ በአብዛኛው ለወንድ ልጅ የተጠረገ ነበር።

በመንግሥት የተቋቋመው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ዳግማዊ ምኒልክ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚለውን የቤተ ክህነት ሥጋት ለማብረድ ሲባል መምህራኑ ከግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች እንዲሆኑ ተደረገ። ከአገሩ ቋንቋ ሌላ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ዐረብኛ ይሰጥበት ነበር። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ተፈሪ መኰንን፣ ልዑል ራስ እምሩ፣ እንዲሁም ጠቅላይ ሚኒስትርና ደራሲ የነበሩት መኰንን እንዳልካቸው ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። ቀጥሎ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉልን ሐዲስ ዓለማየሁ እዚያ ተምረዋል።

ሁለቱም የተከፈቱት ለወንዶች ነው። አገር በቋንቋ የሚገናኝላት፣ ደብዳቤ የሚጽፍላት፣ ሒሳብ የሚይዝላት ሰው ስታሰለጥን፣ የሕዝቧ ግማሽ ከወንበሩ ላይ አልነበረም። ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር መላክ የቻሉ ጥቂት ቤተሰቦች ሴቶች ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር።

የልጃገረዶች ትምህርት ቤት

እቴጌ መነን አስፋው የወሎው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ በጫኑ ማግስት ካከናወኗቸው ሥራዎች አንዱና ትልቁ በስማቸው የተጠራው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በዚያን ዘመን ከውጭ ቋንቋዎች የሚበዛው ፈረንሳይኛ ስለነበር የመጀመሪያዋ ኃላፊም ፈረንሳዊት ሆኑ።

ዛሬ ይህን ስናነብ ቀላል ነገር ይመስለናል። ያን ጊዜ ግን ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትታጫለች፤ ሙያዋ ፈትልና ወጥ ነው፤ ፊደል ብትቆጥር ባሏን ትንቃለች የሚል ሰው ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወላጅን ለማሳመን አንድ ትልቅ መከራከሪያ ነበረው፦ የንግሥቲቱ ስም። ልጁን ለባዕድ የማይሰጥ አባት ለእቴጌይቱ አልሰጥም ለማለት ይቸግረዋል። በመጀመሪያ የገቡት የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች መሆናቸውም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ አዳሪ በመሆኑ እያደር ከክፍለ ሀገር የመጡ ልጃገረዶችንም ለማስተናገድ በቃ።

ግን ብዙ ሳይራመድ ጦርነት መጣ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በወረራው ዋዜማ በከተማይቱ የነበሩ ሴቶች በበጎ አድራጎት ማኅበር ተሰባስበው ለዘማቹ ፋሻና ልብስ ያዘጋጁ ነበር፤ ከፊት የተሰለፉትም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። እንደ እኛ ያሉ የሴቶች ማኅበራት ሥራ ከየት እንደጀመረ ለሚጠይቅ ይህን መጥቀስ ተገቢ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ግን የአገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት ተቋረጠ። ወራሪው ለኢትዮጵያዊ ከዝቅተኛ ትምህርት በላይ አልፈቀደም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋና ከዚያ በተከተለው አደን፣ ከተገደሉት መካከል ተምረው የነበሩ ወጣቶች ብዙዎች ነበሩ።

ሁለቱ እኅትማማቾች

የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ ያለ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች መናገር አይቻልም። ከንቲባ ገብሩ ራሳቸው በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። የእኩዮቻቸውን ወሬ ሳይፈሩ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ስንዱንና የውብዳርን ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ላኩ።

ታናሺቱ የውብዳር እ.ኤ.አ. በ1933 ስትመለስ ትምህርቷን የቀጠለችው በእቴጌ መነን ነው። ከዚያ ወረራው መጣና ከቤተሰቧ ጋር ተይዛ ወደ ጣልያን ተጋዘች። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄዳ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ አጠናች፤ ኋላም ከዓለም ተለይታ መነኰሰች። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እኒያ ናቸው። የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በጀርመን አሳትመው ገቢውን ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ አዋሉት። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው መቶ ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ከአገራችን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከተቀመጡት መካከል ስማቸው በዓለም ዙሪያ የተሰማ እንደ እሳቸው ያለ ጥቂት ነው።

ታላቂቱ ስንዱ ገብሩ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዓምድ ሆኑ። በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። ተማርከው ወደ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ሲመለሱ በደሴ ሠሩ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ሆኑ። ለተማሪዎች የሚሆን ተውኔት ጻፉ፤ ልጃገረዶቹ በመድረክ ላይ ቆመው እንዲናገሩ አደረጉ። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን የግጥምና የተውኔት መድበላቸውን አሳተሙ።

እ.ኤ.አ. በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። በ1957 በተደረገው ምርጫ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉና በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ተመራጭ የፓርላማ አባል ሆኑ። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ስንዱ የእቴጌ መነን ተማሪ አልነበሩም፤ በውጭ አገር ነው የተማሩት። ነገር ግን ሴት ልጅ የትምህርት ቤት ኃላፊ ስትሆን ማየት ለአዳሪዎቹ ልጃገረዶች ከማንኛውም የመጽሐፍ ትምህርት ያላነሰ ትምህርት ነበር። እማማም እንዲህ ነው ያሉን፦ «እኔ ስገባ ወይዘሮ ስንዱ ወጥተው ነበር። ግን እኛ ትልልቆቹ ልጆች ያወሩልን ነበር። ሴት አዛዥ እንደምትሆን ከዚያ ነው የሰማሁ።»

ስማቸው ያልተጻፈ

እማማ ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡት በ1950 ዓ.ም. ነው። ከገጠር ያመጧቸው አጎታቸው ናቸው። አባታቸው አልወደዱም ነበር፤ «ለባዕድ ልጄን አሳድጌ አልሰጥም» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ አጎታቸውን እንዳላናገሩ ነገሩን። አዳሪ ቤቱ ውስጥ አልጋ ማንጠፍ፣ በሰዓት መነሣት፣ ልብስ መስፋት፣ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። በቤት አያያዝ ትምህርት ላይ መምህርቷ አንድ ደብተር ለሁለት እያስከፈሉ፣ «ወደ ቤት የገባው በዚህ፣ የወጣው በዚያ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ጋ ውሸት አለ» ይሏቸው እንደነበር አይረሱም።

በየካቲት 1954 ዓ.ም. እቴጌ መነን ሲያርፉ እማማ አሁንም ተማሪ ነበሩ። ትምህርታቸውን ግን አልጨረሱም። አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው መጥተው ለጋብቻ ወሰዷቸው። «ሻንጣዬን ስይዝ ደብተሬን ደበቅሁት» አሉን። ከዚያ በኋላ ልጆች ወለዱ፤ ባላቸው ቀደሟቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ልጆቻቸውን አሳደጉ። በታዋቂ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ የእሳቸው ስም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ብዙ ሴቶች እንደ እሳቸው ናቸው። መምህርት፣ ነርስ፣ ጸሐፊ ሆኑ፤ ወይም ትምህርታቸውን አቋርጠው ትዳር ያዙ።

ማኅበራችን ሲቋቋም ግን የነበርነው ሴቶች አብዛኞቻችን መጻፍ የማንችል ነበርን። ዕቁብ ሰብስበን እናውቃለን፤ ዕድር ውስጥ ነበርን፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ መዝገቡን የሚይዘው ወንድ ነው። ገንዘባችንን አስቀድመን እንሰበስባለን፤ ስንት እንዳለን ግን ሌላ ሰው ይነግረናል። እማማ መጡና ያንን የደበቁትን ደብተር እንደገና የከፈቱ ያህል፣ ዓምድ አሰመሩልን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ገንዘባችንን ራሳችን ቆጠርን። ብድር ስንጠይቅም፣ ደጋፊ ድርጅት ሲመጣም፣ የምናሳየው ያንን መዝገብ ነበር። ሥራችን ያለ እሱ እዚህ አይደርስም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስም የመለወጥ ነገር

ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ተለወጠ። እቴጌ መነንም የካቲት 12 ተባለ፤ ወንዶችም ገቡበት። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሞ ስለሚታይ ስሙ ለሠፈሩ የተገባ ነው። በየካቲት 12 የወደቁትን ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን አዲሱ ስም ሲጻፍ፣ ይህ ቦታ ለሴቶች ልጆች ሲባል የተከፈተ መሆኑ ከብዙ ሰው ልብ ወጣ። እኛ ራሳችን በዚያ በኩል በታክሲ ስንት ጊዜ አልፈናል፤ «የካቲት አሥራ ሁለት፣ ወራጅ!» ብለን ወርደናል፤ ግን ለእነማን እንደተሠራ አናውቅም ነበር። በቅርብ ዓመታት የእቴጌ መነን ስም ተመልሶ፣ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት እንደገና መከፈቱ ለእኛ ደስታ የሆነው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት በሒሳብ ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው። ያልተመዘገበ ሀብት፣ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ታዋቂዎቹ ተመዝግበዋል። እማማን የመሰሉት አልተመዘገቡም። ስለዚህ የሴቶች ትምህርት ምን ጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ትልልቅ ስሞችን ብቻ አይቶ «ይኸው ይህን ያህል ነው» ሊል ይችላል።

በፊታችን ያለው ውሳኔ

አባላት እንደምታውቁት፣ ከየወሩ መዋጮአችን ላይ ተቀንሶ ለልጃገረዶች የትምህርት መደጎሚያ የሚቀመጥ ገንዘብ አለን። ለደብተር፣ ለደንብ ልብስ፣ ለንጽሕና መጠበቂያ፣ ከቤት ርቀው ለሚማሩትም ለመጓጓዣ ይውላል። ባለፈው ስብሰባ ይህ ገንዘብ ወደ ተዘዋዋሪ ብድሩ እንዲዛወር ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት እኅቶቻችን የልባቸውን ነው የተናገሩት። ጤፉና ዘይቱ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ፣ ለጉልት ንግዳቸው መነሻ ያጡ እናቶች አሉ። ብድር ይመለሳል፤ ወለድም ያስገኛል። ለልጅ ደብተር የወጣ ግን በመዝገባችን ላይ ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶ አይገባም። አንዲት እኅታችን እንዳሉት፣ «ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ደርሳ ብታገባስ? ገንዘባችን የት ገባ?»

እኛ መዝገብ የምንይዘው ሰዎች ይህን ጥያቄ አናጣጥለውም። ከወረቀቱ ብቻ ብንነሣ እኅታችን ልክ ናቸው። ሆኖም በእጃችን ያለው አሮጌ መዝገብ ሌላ መልስ ይሰጣል። እማማ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጠው አግብተዋል። በዚያን ዓመት የትምህርት ቤቱን ሒሳብ የዘጋ ሰው «ይህች ልጅ ኪሳራ ናት» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ያ «ኪሳራ» የእኛን ማኅበር መዝገብ ከፈተ። የዛሬው ተዘዋዋሪ ብድር ራሱ የቆመው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። መደጎሚያው ባለበት ይቆይ፤ ተዘዋዋሪ ብድሩንም ለማጠናከር ከደጋፊዎቻችን ጋር ሌላ መንገድ እንፈልግ። ለዚህም ይረዳ ዘንድ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በመደጎሚያው መዝገብ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምረናል፦ የተረዳችው ልጅ ዛሬ የት ናት፣ ምን ትሠራለች የሚል። ያገባችውም፣ ያቋረጠችውም፣ የጨረሰችውም ትጻፋለች። ዓምዱ እስኪሞላ ዓመታት ይወስዳል፤ ግን ቀጥሎ የሚመጣው የሒሳብ ሠራተኛ «ገንዘቡ የት ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ድምፁ በየትኛውም ወገን ቢያመዝን መዝገቡን በታማኝነት እንይዛለን።

ይህን ጽሑፍ ለእማማ አንብበንላቸው ነበር። «ስሜን አትጻፉ» አሉን፤ አልጻፍነውም። ቀጥለውም «መዝገቡን ግን አትጣሉት» አሉ። አልጣልነውም። በአዲስ ሽፋን ተጠርዞ በቢሮአችን ይገኛል፤ ማንኛዋም አባል መጥታ ልታየው ትችላለች። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በእቴጌ መነን ወይም በሌላ የቀድሞ ትምህርት ቤት የተማሩ ካሉም፣ ጨረሱም አልጨረሱም፣ መጥታችሁ ንገሩን። ከቀጣዩ እትም ጀምሮ ታሪካቸውን እንመዘግባለን።